«ቆዩ» የተባለችው መኪና

ሽማግሌው ሃያ ዓመት በደከመላት የአባቱ መኪና ሥር ተጨፍልቆ ሞተ። አይ ዕድል! የመጨረሻውን ቡሎን ሊያጠብቅ ሥሯ በገባበት፣ ስም ባወጣላት ቀን!

ባልደረቦቹ «ወረንጦ» የሚሉት መርማሪ ጋራዡ ውስጥ አራት በርጩማዎች ተደርድረው አየ። መቀመጫው ያለቀው አንዱ ብቻ ነው። ሦስቱ ማንም ያልተቀመጠባቸው ይመስላሉ። ኮፈኑ ላይ ያልደረቀ ጽሑፍ ነበር፤ በሸራ ጋረደውና ከሟቹ ጋር የሚተዋወቁ ሦስት ሰዎችን አስገባ።

የመኪናዋን ቆርቆሮ ያቃናው ጎረቤት፣ ባትላሜራው፣ ቀድሞ ተናገረ።

«አምስት ሰዓት ላይ ሞቶ ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

«ኮፈኑ ላይስ ምን አየህ?»

«የሆነ ጽሑፍ። ፊደል አልቆጠርኩም ጌታዬ፤ ቀለሙ ማማሩን ብቻ ነው ያየሁት።»

የሟቹ ልጅ «እኔ ነኝ የገደልኩት!» አለች። «ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ ‹ከእኔ ብረት ትወዳለህ› አልኩትና በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። መኪናዋን ያነሣው ክሪክ ያኔ ነው የተንሸራተተው። አባዬን በበር ገደልኩት!»

«ስትወጪ ኮፈኑ ላይ ምን ነበር?»

«ምንም። ባዶ ነበር።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሰዓቱን እያየ ተናገረ። «እኔ ይህን ደጅ ከረገጥኩ ዓመት አልፎኛል። ደግሞ ሰው መኪናውን ‹ቆዩ› ብሎ ይሰይማል? ለነገር ካልሆነ!»

ወረንጦ ሸራውን ገፈፈው። «ቆዩ» ይላል፣ በቀይ ቀለም።

«ልጄ፣ አንቺ አልገደልሽውም» አለ። «ስትወጪ ኮፈኑ ባዶ ከነበረ፣ አባትሽ ይህን የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናዋን ዝቅ የሚያደርገው የክሪኩ ማስተንፈሻም በእጅ ተላልቷል፤ በር ስለተላተመ አይላላም። ጎረቤቱ ማንበብ ስለማይችል ስሙን አያውቅም። እርስዎስ ጌታው? ዓመት ሙሉ ካልመጡ፣ በሸራ የተጋረደውን ስም ማን ነገርዎ?»

ወንድምየው ወደ ኮፈኑ ጠቆመ።

«ሰደበኝ!» ብሎ ጮኸ። «‹ቆዩ› ማለት እኮ ‹ዘገዩ፣ የውሃ ሽታ ሆኑ› ማለት ነው! በአባቴ መኪና ላይ ስድብ! ምን ማለትህ ነው ብለው ከሥር ሆኖ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላና ማስተንፈሻውን ፈታሁት።»

ወረንጦ ሽማግሌው ፊደል የተለማመደበትን ካርቶን ከሥራ ጠረጴዛው ላይ አነሣ። አሥር ጊዜ ተጽፎበታል፦ «ትንሽ ቆዩ»።

«ኮፈኑ ጠበበውና ‹ትንሽ›ን ተወው» አለ። «ለሚመጣ ሰው ነበር የጻፈው። የሳቀውም ስለመጡለት ደስ ብሎት ነው።»

ፖሊሶች ወንድምየውን ይዘው ወሰዱት። ባትላሜራውም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ወረንጦ ባርኔጣውን አነሣ። ልጅቷ ባለቀው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ካርቶኑን ታቅፋለች።

«ትንሽ ይቆዩ» አለችው።

ባርኔጣውን መልሶ አስቀመጠና ማንም ካልተቀመጠባቸው በርጩማዎች አንዱን ሳበ።