የአቶ አድማሴ ባሕር መቆሚያ

ይኼ ነገር የሆነ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቻናል ላይ ተቀምጬ ተረት የምፈትልበት ጉልበት የለኝም።

ዘመኑ 1957 ዓ.ም. ነው። ወሩ ሐምሌ፣ ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ቦታው ቆሰበር፣ ዛሬ እንጅባራ የምትሉት።

ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ቀን ነበር... ጠራራ ስል ያው የቆሰበር ሐምሌ ነው፣ ጉሙ ደጃፍ ድረስ ገብቶ ተቀምጧል።

የነገረኝ አጎቴ ገበየሁ ነው። አናጢ ነበር። በወጉ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ግን ነገሩ ይረዝምብኛል፣ እሱም አይከፋብኝም፣ በስሙ እጠራዋለሁ።

ገበየሁ በዚያ ዓመት የደከመው ሰው ነበር። ያደከመው ሥራ አይደለም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጁን አበረን "በቅሎዋን አጥበህ ና" ብሎ ወደ ጥርባ ሐይቅ ላከው። በቅሎዋ ብቻዋን ተመለሰች። ልጁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዋና የሚችል ሁሉ ገባ፣ ገመድ ተጣለ፣ ጠበል ተረጨ... ሐይቁ ልጁን አልመለሰም።

እናቱ ስሜነሽ ከዚያን ቀን ጀምራ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ተዝካሩን እናውጣ ቢሏት እምቢ አለች።

"አፈር ያላለበስሁት ልጅ አልሞተልኝም።"

ሌላ መልስ የላትም። እህል ከአፏ ራቀ። ክንዷ ቀጥኖ ቀጥኖ የቀርቀሃ ቅርንጫፍ አከለ። ገበየሁ እሷ ስትቀመጥ አብሯት ይቀመጣል፣ ሲነጋ ወደ ሥራው ይሄዳል። ልጁን የላከው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ሚስቱን ሊቀብር መሆኑ ገብቶታል፤ የሚቀበር ነገር ካልተገኘላት ያን ክረምት አትወጣም።

"አንዲት የጣት አጥንት ብቻ" እያለ ይለምን ነበር። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

አቶ አድማሴ የመጣው በዚህ መሃል ነው።

አድማሴ የቆሰበር ተወላጅ ነው። ምጽዋ ወደብ ላይ ሃያ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ሰዉ ከምጽዋ ንብረት ጭኖ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ በጭነት መኪና የመስታወት ሳጥን ይዞ ከች አለ። ሳጥኑ ሰው አጋድሞ ያስተኛል። ደግሞ የባሕር ውኃ በበርሜል፣ አምስት ቢጫ ዓሣ በጋን፣ ውኃ ውስጥ እንደ አበባ የሚፈካ የባሕር ድንጋይ... ቀይ ባሕርን እልፍኙ ውስጥ ሊያኖር!

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" አለ ሰዉ።

አድማሴ ገበየሁን አስጠራው።

"መቆሚያ ሥራልኝ። ጠንካራ።"

"ምን ያህል ይሸከማል?"

"ውኃው ብቻ ስድስት ኩንታል ነው። ከመስታወቱና ከድንጋዩ ጋር ስምንት።"

"ስምንት ኩንታል! ኧረ ጌታዬ፣ ጎተራ ነው የሚያስቀምጡበት?"

"ባሕር ነው" አለ አድማሴ ሳይስቅ። "ምስማር እንዳታስገባበት። ጨው ምስማር ይበላል። ደግሞ ትንሽ ከዘመመ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ አደራ።"

ገበየሁ ከደረቀ ወይራ ስድስት እግር ጠረበ። በላዩ የሚቀመጠውን ጣውላ ከጽድ አወጣው፤ ርዝመቱ አራት ክንድ፣ ወርዱ ክንድ ተኩል። ሁሉንም በመሮ እየበሳ አገጣጠመ፣ መገጣጠሚያውን በእንጨት ሽብልቅ ወጠረ። ጣውላውን አራት ሰው ተሸክሞ እልፍኝ አስገባለት። ወለሉ አፈር ነው፤ ስለዚህ በየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀበረ።

ከዚያ ሸክሙን ለመፈተን ዐሥራ ሦስት ጎረምሳ አስወጣበት። እንዳይወድቁ ተቃቅፈው ቆሙ። እንጨቱ ሲጥ አላለም።

"ይኼማ ዝሆን ይወልድበታል!" ብለው ሳቁ። ገበየሁም ፈገግ አለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው አሉ።

ሳጥኑ ተቀመጠ። ውኃው ተሞላ። ዓሦቹን ብርድ እንዳይገድላቸው ከአዲስ ቅዳም ከተማ በመጣ ከሰል እልፍኙ ይሞቅ ጀመር።

እና ያ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ... የአድማሴ ወጥ ሠሪ ውቢት እየሮጠች መጣች።

"አያ ገበየሁ፣ ይምጡ።"

"ምን ሆናችሁ?"

"እንጨትዎ ዘመመ።"

"የኔ እንጨት?"

"ይምጡ ብቻ!"

ሄደ። እውነትም ዘሟል። ከሩቁ ጫፍ፣ ከግራ እግሩ ሥር የቀበረው ድንጋይ ሁለት ጣት ሰምጧል። ገበየሁ በአጣና ፈልቅቆ አነሣና ድንጋይ ደረበለት። ውኃ ልኩን አስቀምጦ አየ፤ ተስተካክሏል።

ረቡዕ፣ በዚያው ሰዓት፣ ደግመው ጠሩት። አሁን የዘመመው በቀኝ ነው።

ሐሙስ እንደገና በግራ።

ገበየሁ ሠላሳ ዓመት እንጨት ሠርቷል። እንጨት አንዴ ከዘመመ በዘመመበት ይቀራል፤ ወዲያና ወዲህ አይልም። ይኼ ግን የተኛ ሰው ጎኑን እንደሚለውጠው ነበር።

ሳጥኑን ትክ ብሎ አየው።

አምስቱም ዓሦች አንዲት ጥግ ላይ ተጨናንቀዋል። መሃሉን ትተውታል። ያን ሁሉ ውኃ ትተው እዚያች ጥግ ላይ እርስ በርስ ይገፋፋሉ።

ውኃውም ከትናንቱ ከፍ ብሏል።

"ውቢት... ማነው ውኃ የጨመረበት?"

"ማንም።"

"ማንም?"

"በማርያም! ማንም አልነካውም።"

ጆሮውን ከጣውላው ጋር አገናኘ። ሲጥ... አለ። ዝም። ቆይቶ ደግሞ... ሲጥ። ዝም። ሲጥ... ዝም። ገበየሁ የራሱን ትንፋሽ ያዘ፤ ድምፁ ግን አልቆመም።

ውቢት ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ጠጋ አለችው።

"አንድ ነገር ልንገርዎ?"

"ንገሪኝ።"

"ጌታዬ እንዳይሰሙ።"

"አይሰሙም።"

"ውኃው... የባሕር አይደለም።"

"እንዴት?"

"በርሜሎቹ መንገድ ላይ አፈሰሱ። ደህና የደረሰው አንዱ ብቻ ነው። ሌላውን በአህያ ቀድተን ሞላነው።"

"ከየት?"

የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች።

"ውቢት፣ ከየት?"

"ከጥርባ።"

ለከብት የሚገዛውን አሞሌ ከዳንግላ ገበያ አስመጥተው፣ ወቅጠው በትነውበታል። "ባሕር ማለት ጨው ያለው ውኃ አይደል?" ብሎ ነበር አድማሴ። የቤቱ ሰውም እውነት ነው ብሎ ቀዳለት። ማን ምን ያውቃል? በዚያ አገር ባሕር አይቶ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

ገበየሁ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ለሁለት ዓመት ያን ውኃ ላለማየት መንገድ ሲያዞር ኖሯል። ያ እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ይኸው ተከትሎት መጥቶ፣ በገዛ እጁ በጠረበው ጣውላ ላይ ተቀምጧል።

"ደከመኝ" አለ።

ቤቱ ሲገባ ስሜነሽ እንደ ወትሮዋ ደጃፍ ላይ ነበረች።

"የአበረ አባት፣ የት ዋልህ?"

"ሥራ።"

"እጅህን አምጣ እስቲ።"

ሰጣት። አሸተተችው። ለረጅም ጊዜ አሸተተችው...

"ይኼ የጥርባ ውኃ ነው።"

ሊዋሽ ፈለገ፣ ለውሸት የሚሆን አቅም አጣ። አንድም ሳያስቀር ነገራት። አላለቀሰችም። "ነገ ትወስደኛለህ" ብቻ አለችው።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ዓመት ደጃፏን አልፋ የማታውቅ ሴት በባሏ ክንድ ተደግፋ አድማሴ እልፍኝ ገባች።

ውኃው ዘሞ ነበር። እንጨቱ ሲጥ... ዝም... ሲጥ... ይላል።

ስሜነሽ መስታወቱ ፊት ቆመች። አማርኛውን ትታ በአገውኛ ቀስ ብላ ተናገረች፤ አራስ ልጅ የሚያባብሉበት ዓይነት ድምፅ ነበር። ምን እንዳለች ገበየሁ እስኪሞት አልነገረኝም።

ስድስቱም እግሮች በአንድ ጊዜ ሲጥ አሉ።

ከዚያ ዝም... አለ። ማንም ሳይነካው ውኃው ቀና ብሎ ተስተካከለ።

"እዚህ ነው" አለች ስሜነሽ። "አውጣልኝ።"

አድማሴ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ቀድሞ ሊቆጣ ነበር፤ ሃያ ዓመት አገሩ ሊያስገባው የተመኘው ባሕሩ ነው። ግን ከንፈሩ ደርቆ፣ "ቅዱት" አለ። "ሁሉንም ቅዱት። እኔ ምጽዋ ባሕር ዳር ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።"

ዓሦቹ ወደ ጋን ተመለሱ። ውኃው በባልዲ እየተቀዳ፣ ሰው በማይረግጠው የጓሮ ጥግ ፈሰሰ። ገበየሁ እጁን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ድንጋዩን አንድ ባንድ አነሣ፣ አሸዋውን በጣቱ ፈተሸ። ደግሞ ፈተሸ።

የጣት አጥንት የለም። ምንም የለም።

ያን ጊዜ ገበየሁ አለቀሰ። በሐይቁ ዳር ያላለቀሰውን ነው ያለቀሰው። ለሚስቱ ባዶ እጁን ዘርግቶ አሳያት።

ስሜነሽ ግን ሳጥኑን አላየችም። እጇ ጣውላው ላይ ነበር።

"እንጨቱን ስጠኝ" አለችው።

ባዶውን ሳጥን አራት ሰው አንሥቶ አወጣው። ገበየሁ ሽብልቆቹን በመዶሻ መታ፣ እግሮቹን ነቀለ። ጣውላው ወለሉ ላይ አረፈ። ያን ጣውላ ተሸክመው ያስገቡት አራት ሰዎች ጎንበስ አሉ።

"አንሡ!"

አልተነሣም።

"እንዴ!... እንደገና። አንሡ!"

አልተነሣም። ተያዩ። ሌሎች አራት ተጨመሩ። ስምንት ሆነው ትከሻቸው ላይ አወጡት።

"እንዲህ ይከብድ ነበር እንዴ?" አለ ገበየሁ።

"አይ አያ ገበየሁ..." አለ አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይኼ የእንጨት ክብደት አይደለም።"

የምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ከመካከላቸው ቃሬዛ ያልተሸከመ ሰው አልነበረም።

በጉሙ ውስጥ እየተቀባበሉ ቤተ ክርስቲያን አደረሱት። ስሜነሽ በእግሯ ተከተለች። ቄስ ምህረቴ ከቅጥሩ በር ላይ አስቆሟቸው።

"ገበየሁ፣ ሐዘንህ ይገባኛል። ግን ለባዶ ጣውላ ፍትሐት አልፈታም። ሥርዓት አለ።"

"እውነትዎን ነው አባ። እንግዲያው ባዶ ከሆነ በአንድ በኩል ይያዙልኝና ወደ ቤት ልመልሰው።"

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ብብታቸው አስገቡ። ጎንበስ ብለው የጣውላውን ጠርዝ ያዙ። እንደ ጎነበሱ ቆዩ...

ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሏል። ወደ ገበየሁ ሳይሆን ወደ ስሜነሽ ዞሩ።

"የክርስትና ስሙ ማን ነበር?"

"ወልደ ገብርኤል።"

መጽሐፋቸውን ገለጡ።

ስሜነሽ የዚያኑ ዕለት ማታ እህል ቀመሰች። ደጃፍ ላይ መቀመጧን ተወች፣ ተዝካሩም ወጣ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሰባት ዓመት ኖረች፤ እኔም ደርሼባታለሁ። አድማሴ ሳጥኑን ዳግመኛ ውኃ አልሞላውም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝም እዚህ ላይ ነው የማቆመው። ግን አጎቴ ሊሞት ሲል፣ ደክሞት፣ ያስቀረውን ነገረኝ።

ጣውላው ጉድጓዱ ውስጥ ወርዷል። ፍትሐቱ አልቋል። አፈር ሊመለስ ሲል ስሜነሽ "ቆዩ" አለች። ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳት። ከትከሻዋ ላይ ነጠላዋን አወረደችና ባዶው ጣውላ ላይ ዘረጋችው።

ነጠላው... ጣውላው ላይ አልተኛም።

አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። በራስጌ በኩል ጠበብ፣ ቀጥሎ ሰፋ ብሎ፣ እስከ ታች ወረደ። ከጉድጓዱ አፍ የቆመ ሁሉ አየው። አካፋ የያዘው ሰው አካፋውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ስሜነሽ ብቻ አልደነገጠችም። ጎንበስ አለችና፣ ልጅ ተኝቶ እንዳይበርደው እንደሚደረገው፣ የነጠላውን ጫፍ ከእግሩ ሥር ሸጎጠችለት።