የዘሩ ግራ ትከሻ

ዘሩ በቆላዋ በኮኪት ከተማ ዳርቻ ባለ የሰሊጥ እርሻ ዳስ ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተጋድሞ ሞቶ የተገኘው ጎህ ሲቀድ ነው። ዳሱ ሙሉ ሰው ተኝቶበት፣ ነፍሱ ስትወጣ ያየ አልነበረም።

ኢንስፔክተር መስከረም ስትደርስ ገዳይ ተብሎ የተያዘ ሰው ጠበቃት። ለአጨዳ ከደጋ የወረዱት ሠራተኞች የትራክተር ነጂውን ታጠቅን ከጎማው ጋር አስረው፣ ማጭድ እንደያዙ ከበውታል።

«ማነው የፈረደበት?»

«እኛ» አለ ሰጠኝ፣ የዘሩ የአገር ልጅ፤ ከጎጃም አብረው ነበር የወረዱት። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። «ትናንት ጠዋት ሲጣሉ ዱላ አነሣበት። ማታ ዘሩ ‹ግራ ትከሻዬን› እያለ ሲያቃስት አመሸ። ሌላ ምን ምስክር ያሻል?»

«ዱላው ሲያርፍበት ያየ አለ?»



«ዱላውን ሳነሣ ያዙኝ እኮ። አልነካሁትም» አለ ታጠቅ።

«አንተ ዝም በል። ዱላ ማንሣትህ ብቻውን ይበቃሃል» አለው ሰጠኝ።

በሬሳ ዙሪያ የቆመ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው፤ መስከረም ግን ጓንቷን አጥልቃ በርከክ አለች። ትከሻው ላይ ሰንበር የለም። የዓይኑን ቆብ ገለበጠች፤ ውስጡ ደም እንደሌለው ነጥቷል። ሆዱ ተወጥሯል፤ ቆዳው ያብለጨልጫል። ዳሰሰችውና ጣቷን አሸተተች።

የሠራተኞቹን ወጥ ቤት ለብቻ ጠራቻት።

«እትዬ ውዴ፣ ዘሩ ይበላልዎት ነበር?»

«ምኑን ልጄ! ሁለት ጎርሶ ጠገብሁ ነው። ከስቶ ከስቶ ሆዱ ብቻ ቀረ። ማታ ማታ ያተኩሰዋል። ታከም ስለው፣ ‹ታመመ ካሉኝ ያባርሩኛል› ይላል።»

«ትናንትስ?»

«ከጠቡ በኋላ ሲያጭድ ውሎ፣ እራቱን ቀምሶ፣ ቀልዶብኝ ነው የሄደ።»

«የሰሊጥ ዘይት የወሰደብዎት አለ?»

ውዴ ነገረቻት። መስከረም ፊቷ አልተለወጠም።

ሬሳው ለምርመራ ሄደ። «እስክመለስ ታጠቅን የነካ በነፍስ ግድያ ይጠየቃል» ብላ ሁለት ፖሊስ አቆመች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሳ ሁሉንም በዳሱ ጥላ ሰበሰበች።

«ዘሩን የገደለው ጣፊያው ነው» አለች። «ጣፊያ በግራ ጎን፣ ከጎድን ሥር ያለች ናት። በጤነኛ ሰው ከጭብጥ አትበልጥም። የዘሩ እስከ እምብርቱ ወርዳለች። በካላዛር ነው፤ የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው በሽታ። ጨጓራውን ስለተጫነችው ነው ሁለት ጉርሻ ያጠገበው። እንዲህ ያበጠች ጣፊያ በትንሽ ነገር ትቀደዳለች። ተቀድዳ ሆዱን በደም ሞላችው።»

«ትከሻውስ?» አለ ሰጠኝ።

«ደሙ ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ሲነካ፣ ሕመሙ ግራ ትከሻ ላይ ይሰማል። ዘሩ እውነቱን ተናገረ፤ ዱላውን የጨመራችሁበት እናንተ ናችሁ።»

«ታጠቅ ሆዱን መትቶት ቢሆንስ?»

«ዱላ ሆድ ላይ ምልክት ላይተው ይችላል፤ እሱንም አስቤዋለሁ። ግን ዱላውን ሲያነሣ ታጠቅን የያዛችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ዘሩም ቀኑን ሙሉ አጭዷል። ሕመሙ የጀመረው ከእራት በኋላ ነው። ሆዱ ዘይት ተቀብቷል፤ በግራ ጎኑ፣ ከቆዳው ሥር፣ ሐኪሙ የአውራ ጣት አሻራ የሚያህሉ የደም ቋጠሮዎች አግኝቷል። ዱላ አውራ ጣት የለውም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰጠኝ፣ ዘይቱን ለምን ወሰድህ?»

ማጭዶቹ ወደ መሬት ወረዱ።

«‹ሆዴ ውስጥ ድንጋይ አለ፣ እሽልኝ› አለኝ» አለ ሰጠኝ። «አገራችን ይታሻል። ‹ጠበቅ አድርግ› አለኝ፤ አጠበቅሁ። ‹ቀለል አለኝ› ሲል ደስ አለኝ። ኋላ ትከሻዬን ሲል... ድካም ነው ብዬ ተኛሁ።»

ታጠቅ ተፈታ፤ አንጓውን እያሻሸ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ታጠቅ በሆነ ኖሮ ይሻለኝ ነበር» አለ ሰጠኝ።

«አውቃለሁ። ታጠቅን ግን ገድላችሁ፣ ዛሬ ማታ ቀብራችሁት ታድሩ ነበር። ና፣ ቃልህን ትሰጣለህ።»

ሰሊጥ ከደረሰ ይረግፋል እንጂ ለሰው አያዝንም። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ወደ አጨዳው ተመለሱ፤ አንድም ዞሮ ያየ የለም። ሰጠኝ የፖሊሱ መኪና ላይ ወጥቶ ወደ ጥግ ተጠጋ፤ ዘሩ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ አጠገቡ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ትቶ።