አሥራ ስምንቱ የጫካ ሙሽሬዎች

«ኧረ ድገመው፤ ከኋላ ያለነው አላየንም!»

ሊቀመንበሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ከፈተው። የቢራቢሮ አርቢዎች ማኅበር አባላት በማሸጊያው ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው አንገታቸውን አሰገጉ። ጥድፌ ብቻ አንገቷን ደፋች። አንድ ጊዜ አይታዋለች፤ ይበቃታል። ዓይኗን ሲሚንቶው ወለል ላይ ብትተክልም ጆሮዋን የምታደርግበት ግን አላገኘችም። ከስልኩ ውስጥ የአንድ ሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

ሕፃኑ ያለው በሩቅ ከተማ፣ በመስታወት በተሠራ የቢራቢሮ አዳራሽ ውስጥ ነው። ትልቅ ሰማያዊ ቢራቢሮ ሲወለድ ታያለህ ተብሎ ነው የመጣው። ቪዲዮው ላይ ግን ቢራቢሮ ሊወጣባቸው በተርታ ከተሰቀሉት ሙሽሬዎች የአንዷ ጎን ተበሳ፤ ከውስጧም ጥቃቅን ጥቁር ተርቦች እየተጋፉ ወጡ። ከአጠገቧ ካለችውም እንዲሁ።

«ስድስት ናቸው» አለ ሊቀመንበሩ ስልኩን ኪሱ እየከተተ። «ስድስቱም ከእኛ ሳጥን የወጡ። ገዢዎቹ ምን አሉኝ መሰላችሁ? ‹ወይ ከጫካ ለቅማችኋል፣ ወይ የሚመርጠው ሰው አላየም።› አንድ እንዲህ ዓይነት ሳጥን ከደገምን ውላችን አለቀ። እነሱ ከተዉን ደግሞ ዛፉን ሊገዛን የሚመኘው መጋዝ ቤት በማግስቱ ጫካው በር ላይ ነው። እስካሁንም መደወሉን አልተወም።»

«ከጫካማ ማንም አይለቅምም!» አለች የጥድፌ እናት ቆጣ ብላ። «እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አይታሰብም። ማን ይደፍራል?»

«ማንም» አሉ ሰዎቹ። «በጭራሽ።»

ጥድፌ ፊቷ ሲግል ተሰማት። እናቷ ከልቧ ስትቆጣ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች፤ አሁንም እንደዚያ ነው ያደረገችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብላ ተመኘች፤ ሲሚንቶው ግን ወይ ፍንክች።

ጥድፌ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ አባቷ ያወጣላት ነው። ቁርሷን በጥድፊያ ትበላለች፣ የቤት ሥራዋን በጥድፊያ ትሠራለች፣ ይቅርታ እንኳ ስትጠይቅ በጥድፊያ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከቤታቸው ጓሮ ባለው የመረብ ቤት ውስጥ ለሚያድጉት አባጨጓሬዎች በየጠዋቱ ቅጠል መቀየር ደግሞ የእሷ ድርሻ ነው። አባጨጓሬዎቹ ከአንድ ዓይነት ሐረግ በቀር ሌላ ነገር በአፋቸው አያደርጉም። ቅጠሉ ትኩስ መሆን አለበት፤ የዝናብ ውኃ ካለበት በጨርቅ ተወልውሎ መድረቅ አለበት። ይህን ሁሉ ያየ ሰው የሚቀለቡት የንጉሥ ልጆች ሊመስሉት ይችላሉ። ጠግበው ሲያድጉ ከሐረጉ ላይ ተንጠልጥለው ጠንካራ ቅርፊት ይሠሩና ውስጡ ይተኛሉ። ያን ጊዜ ሙሽሬ ይባላሉ። ማኅበሩ የሚሸጠው ይህችኑ ሙሽሬ ነው፤ በጥጥ ተሸፍና በሳጥን ትላካለች፣ እዚያ ስትደርስ ቢራቢሮ ትሆናለች።

ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት የጥድፌ አባት ዛፍ ቆራጭ ነበር። አሁን በዚያው መጋዙ የመረብ ቤት ማገር ይቆርጣል። በማሸጊያው ክፍል ግድግዳ ላይ ሁለት ሕግ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ፊደሎቹን የቀባው እሱ ስለሆነ ትንሽ ተንጋደዋል። «ከጫካው አይለቀምም» ይላል አንዱ። «ከየአሥሩ ሁለቱ ለጫካው ይለቀቃሉ» ይላል ሌላው። ጥድፌ ትንሽ ሳለች ሁለቱን የምትለቀው እሷ ነበረች። ቢራቢሮዋ ከጣቷ ላይ ተነስታ ከዛፎቹ መሀል እስክትጠፋ ድረስ እጇን ታውለበልብላት ነበር።

ጥፋቱ የተፈጸመው ከአንድ ወር በፊት፣ በፈተና ሳምንት ነው። ለእናቷ «እያጠናሁ ነው» ብላት ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ጥናቱ ትንሽ፣ ተከታታይ ፊልሙ ብዙ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ወደ መረብ ቤቱ እንዳትመላለስ ብላ የሁለት ቀኑን ቅጠል በአንድ ጊዜ ቆርጣ ጣለችላቸው። ዝናብ የመታው ቅጠል ነበር። አልወለወለችውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስትገባ አሥራ ስምንት አባጨጓሬዎች ጠቁረውና ለስልሰው ከቅጠሉ ላይ ተንጠልጥለው አገኘቻቸው። ሽታቸው እስካሁን ከአፍንጫዋ አልወጣም።

ከጓሮው ጥግ ቀበረቻቸው።

«እንዴት ናቸው ልጆችሽ?» አለቻት እናቷ በዚያኑ ቀን ከሥራ ስትመለስ።

«ምንም አልሆኑም እማዬ፤ ሰላም ናቸው።»

ውሸት አንዴ ከወጣ በኋላ ጓደኛ ይፈልጋል። የርክክቡ ቀን ሲቃረብ በቤታቸው ስም የተመዘገበውን ያህል ሙሽሬ ማቅረብ ነበረባት፤ አሥራ ስምንት ጎደላት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጫካው ዳር ባለው መንገድ ታጠፈች። ከቅጠሎቹ ሥር እየፈለገች፣ ሙሽሬዎቹ የተንጠለጠሉበትን ቀጭን ክር በጥፍሯ እየቆረጠች፣ በምሳ ዕቃዋ ውስጥ ደረደረቻቸው። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። «ጫካው ሞልቶታል፤ አሥራ ስምንት ቢጎድል ማን ይቆጥራል?» አለች ለራሷ። ይባስ ብሎ አራዳነቷ ደስ አላት። አሁን ያን ደስታዋን ስታስታውስ ከሁሉም በላይ የሚያሳፍራት እሱ ሆነ።

በማግስቱ እትዬ ሌንስ ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠው ነበር። የሁሉንም ቤት ሙሽሬ አንድ በአንድ አይተው የሚያሳልፉት እሳቸው ናቸው። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አሁን በቀይ ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት አጉሊ መነጽር አለ፤ ስማቸውም ከዚያው የመጣ ነው። ሰው ሁሉ መነጽሩን ያደንቃል። እሳቸው ግን «ሥራው የጣት ነው» ይላሉ። ሙሽሬዋን በሁለት ጣታቸው ያነሷታል፣ ክብደቷን ይሰሟታል፣ በቀስታ ነካ ያደርጓታል። ጤነኛ ከሆነች ወገቧን ትነቀንቃለች።

«የጫካ ሙሽሬ ተከራይ አለባት» ይላሉ ለልጆቹ ሁልጊዜ። «ጫካ ውስጥ ተርቧ ትመጣና እንቁላሏን ሙሽሬዋ ውስጥ ትጥላለች። ተከራዩ የቤቱን ባለቤት በልቶ፣ ግድግዳ በስቶ ይወጣል። የቤት ኪራይ እንኳ አይከፍልም!»

ጥድፌ ይህን መቶ ጊዜ ሰምታለች። መቶ ጊዜም ስቃለች።

ያን ቀን እትዬ ሌንስ ከጥድፌ ምሳ ዕቃ ውስጥ አንዷን አነሱ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯት። መልሰው በመዳፋቸው ላይ አደረጓት።

«ይቺ ቀለለችብኝ» አሉ። «ከመረብ ቤታችሁ ናት?»

«አዎ እትዬ። ዛሬ ጠዋት በእጄ ነው ያነሳኋት።»

እትዬ ሌንስ ቀና ብለው በወፍራሙ መነጽር ውስጥ አዩዋት። ዓይኖቻቸው ትልልቅ ሆነው ይታያሉ።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉና ከጥጡ መሀል አስቀመጧት። የአንድ ዓይነት ቢራቢሮ ሙሽሬ የማንም ቤት ይሁን በአንድ ሳጥን ስለሚታሸግ፣ ከዚያ በኋላ የእነ ጥድፌ የትኛዋ እንደሆነች የሚለይ ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ ከጫካ ያልተለቀመ ከሆነ» ሲል የሊቀመንበሩ ድምፅ ወደ ስብሰባው መለሳት፤ «የሚቀረን አንድ ነገር ነው። የሙሽሬዎቹ ምርጫ።» ማንንም አላየም። ሁሉም ግን ከመስኮቱ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ዞሩ።

እትዬ ሌንስ ከወንበራቸው ተነሱ። ወንበሩ ላይ የራሳቸው ትራስ አለ፤ ከተረፈ ጨርቅ ራሳቸው የሰፉት።

«አትሳቀቁ» አሉ። «እኔም ቪዲዮውን ካየሁ ጀምሮ ሳስበው ነበር። ዓይኔ ነው። ሌላ ማንም አይደለም። ዕድሜ መጣ፤ ሳላየው አለፈኝ። በእኔ የተነሳ እናንተም ጫካውም መጎዳት የለባችሁም።»

ንገሪያቸው እንጂ፣ አይተዋል፣ ጠይቀውኛልም በይ! አለች ጥድፌ በውስጧ። ከንፈሯ ግን ተጣብቋል። እትዬ ረስተውት ይሆን? ወይስ እያወቁ ነው? የትኛው እንደሚብስ ልትለይ አልቻለችም።

«ማን ይተካቸው ታዲያ?» አለ ሊቀመንበሩ በዝግታ።

«እኔ ልናገር» አለች እናቷ። ድምፅዋ ላይ ያለውን ኩራት ጥድፌ ገና ከጅምሩ አወቀችው። «እትዬን የሚተካ የለም፤ ግን የእኔ ልጅ ትሞክር። ዓይኗ ጥሩ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ትችላለች። ባለፈው ወር እንኳ ፈተና ላይ ሆና የእኛ መረብ ቤት አንድም አልጎደለም። አንድም! ቆጥራችሁ ተረክባችኋል።»

«እውነት ነው» አለ ሊቀመንበሩ ፊቱ ትንሽ ፈታ ብሎ። «ጎበዝ ልጅ ናት።»

አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ። አባቷ ከበሩ አጠገብ ቆሞ እየሳቀ ነበር፤ አውራ ጣቱን አነሳላት። ጥድፌ የምታለቅስ መሰላት። ቢሰድቧት፣ ቢያባርሯት ይሻላት ነበር። እያንዳንዱ ጭብጨባ በጥፊ የሚመታት ያህል ተሰማት።

እናቷ ትከሻዋን ይዛ ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት። «ሂጂ እንጂ፤ አፈርሽ እንዴ?»

«አፈረች» አለች አንዲት ሴት እየሳቀች። «ደስ ስትል!»

እስከ ጠረጴዛው ስምንት እርምጃ ያህል ነው፤ ጥድፌ ግን በሕይወቷ እንደዚያ ቀስ ብላ ተራምዳ አታውቅም። እትዬ ሌንስ ቀዩን ክር ከአንገታቸው አወለቁ። ክሩ በነጭ ጸጉራቸው ተያዘባቸው፤ በዝግታ አላቀቁት። ከዚያ መነጽሩን በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

«በዓይንሽ ብቻ እንዳትተማመኚ፣ እሺ የኔ ልጅ?» አሉ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ። «እጅሽን አድምጪው። እኔ ያን ቀን እጄ ነግሮኝ ነበር፤ ሰው አምኜ ተውኩት። ጥፋቴ እሱ ነው።»

አልረሱም። ስሟን አልጠሩም፤ ሊጠሩም አላሰቡም። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለገች፤ አጣች። የነበረው ድካም ብቻ ነው፤ ያም የእሷ ሥራ ነው። ዓይኗ ከእሳቸው ትከሻ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በአባቷ የተንጋደዱ ቀይ ፊደሎች ላይ አረፈ። ከመስኮቱ ማዶ ጫካው ይታያል። ማጭበርበሯን የሚያውቁት እሱና እኚህ ሴት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ዝም ብለዋታል።

ጥድፌ መነጽሩን ተቀበለች። ለአፍታ መዳፏ ላይ ያዘችው፤ ከአንገታቸው የወጣ ስለሆነ ገና ሞቅ ያለ ነበር። ከዚያ በእግሯ ጣት ቆማ ቀዩን ክር በእትዬ ሌንስ አንገት ላይ መልሳ አጠለቀችው። ወንበሩን ሳበች፤ ትራሱን አስተካከለች።

«ይቀመጡ እትዬ» አለች። አልተጣደፈችም። «እጅዎ አልተሳሳተም።»

ጭብጨባው ቀስ በቀስ ቆመ። እናቷ እጆቿን እንዳጋጠመች ቀረች። ጥድፌ ፊቷን ወደ ሰዎቹ አዞረች፤ ከሁሉም አስቀድማ የእናቷን ዓይን ፈልጋ አገኘችና ከሞቱት አሥራ ስምንት አባጨጓሬዎች አንስታ እውነቱን መንገር ጀመረች።