ሁለተኛው ፍሬን

ሰው የጠላውን ሰው ቀን ቆጥሮ አይጎበኝም። እሷ ግን ማክሰኞ በመጣ ቁጥር እየሄደች የምትጠላው ሰው አገኘች።

የምትሄደው ከመኪና መሸጫው ጓሮ ወዳለው የርክክብ ክፍል ነው። ያዘዘችው የኤሌክትሪክ መኪና በሁለት ወር ይደርሳል ተብሎ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ተማሪዎቿ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ያሾፉባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ሆዷ ግን አይስቅም።

ሥራዋ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። በአስተማሪው ወንበር በኩል ያለውን ሁለተኛውን ፍሬን ለመርገጥ ስለምትቸኩል ተማሪዎቿ «ፍሬኗ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ዘጠኝ ዓመት ያስተማረችው በታላቅ ወንድሟ ማሠልጠኛ ነበር። ወንድሟ ደግ ሰው ነው፤ ግን ደግነቱን ራሱ የማይረሳ ዓይነት ደግ። አንድ ቀን በተማሪዎች ፊት «እኔ ባልኖር የት ትደርሺ ነበር?» አላት። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሰው መኪና እየተዋሰች ስታስተምር ቆይታ የራሷን ማሠልጠኛ የምትከፍትበትን ጊዜያዊ ፈቃድ አወጣች። ፈቃዱ የሚጸናው እስከ ወሩ መጨረሻ ሁለት ፍሬን ያለው የራሷን መኪና ለፈቃድ ሰጪው ቢሮ ካሳየች ብቻ ነው። ካላሳየች ይሰረዛል፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ወደ ወንድሟ ትመለሳለች። ይህን ከማየት ዓይኗ ቢጠፋ ትመርጥ ነበር።

በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ስትሄድ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሰማያዊ፣ የወንበሩ ላስቲክ ገና ያልተነሳ፣ ልክ እሷ እንዳዘዘችው። ልቧ በደስታ ዘለለ። ወዲያው ከመኪናው ጀርባ አንድ ሰው ወረቀት የተጣበቀበት የመጻፊያ ሰሌዳ ይዞ ብቅ አለ። ጆሮዎቹ ወደ ውጭ የወጡ ረጅም ሰው ነው። ስታውቀው ደስታው በአፍንጫዋ ወጣ።

ከሁለት ዓመት በፊት ተማሪዋ ነበር። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ሕፃናት ሲሻገሩ አየና ደነገጠ፤ ፍሬን የረገጠ መስሎት ነዳጁን ረገጠ። እሷ በሁለተኛው ፍሬን ባታቆመው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብም አትፈልግም። መኪናው ከልጆቹ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ደንግጣ ከመኪናው ወርዳ በሩን ከፈተችለትና፣ ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች እየሰሙ «አንተና መኪና አልተፈጣጠራችሁም፤ እግርህን ለእግር መንገድ አቆየው» አለችው። ሰውየው ወርዶ በእግሩ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ተመልሶም አልመጣ።

አሁን የርክክብ ፈታሽ ሆኗል። አዲስ መኪና ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ግቢው ውስጥ እየነዳ ፈትሾ የሚፈርመው እሱ ነው። ግቢ ውስጥ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም።

«እንደምን ዋሉ?» አላት፤ «አንቺ» ሊላት ሲገባ «እርስዎ» ብሎ። ማክበሩ እንዳልሆነ ገባት።

«ቁልፉን» አለችው።

«አልፈረምኩም።»

ወረቀቱን ሰጣት። ጉድለት በሚለው ቦታ ላይ በጥንቃቄ በተጻፈ የእጅ ጽሑፍ «ተማሪው ሲደነግጥ ሁለተኛው ፍሬን አያድንም» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደሟ ወደ ራሷ ወጣ። ቂሙን ሁለት ዓመት በሆዱ አስሮ ኖሮ አሁን በመሥሪያ ቤት ማኅተም የሚላገድባት መሰላት።

ቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ሁለት የተካኑ ነጂዎችን አዝዞ መኪናውን አስፈተነ፤ ሁለቱም ደህና ነው አሉ። የመሸጫው ደንብ ግን ጉድለቱን የጻፈው ሰው ራሱ እንዲዘጋው ያዛል፤ ፈታሹም አልዘጋም አለ። እሷ የክስ ደብዳቤ ጻፈች፤ እሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀበለ። በቀጣዩ ማክሰኞ ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት «ዝም በል» አለችው። በሚቀጥለውም እንደዚያው። የበሩ ጥበቃ፣ ብዙ ጠብ ያዩ ሽማግሌ፣ እሷ ስትገባ ራዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን ማቅናት ለመዱ።

ፈቃዱ ሊቃጠል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ፍርድ ቤት አቆምሃለሁ ብላ መጣች። ፈታሹ ሰማትና የመኪናውን በር ከፈተላት፤ የአስተማሪውን በኩል።

«ይግቡ። እኔ እንደ ተማሪ እነዳለሁ። የጎማው ክምር ጋ ስንቃረብ እርስዎ እንደ አስተማሪ ይርገጡ።»

ግቢው ጥግ ላይ አሮጌ ጎማዎች ተከምረዋል። መኪናው ድምፅ ሳያሰማ ተነሳ፤ የሚሰማት የሰውየው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ጎማዎቹ ሲቀርቡ ሁለተኛውን ፍሬን በሙሉ ኃይሏ ረገጠች። መኪናው ተንዘፈዘፈ፤ ግን አልቆመም። ወለሉን እስኪነካ ረገጠችው። ከታች የሆነ ነገር እንደ ግትር በሬ ወደ ፊት ይገፋል። የጎማው ክምር ውስጥ ገብተው ሲቆሙ አንዱ ጎማ ተንከባሎ ጥበቃው ቤት ድረስ ሄደ።

ቁልቁል አየች። እግሩ የነዳጅ መርገጫው ላይ ድርቅ ብሎ ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ስሙ ነዳጅ መርገጫ ነው። ያኔ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንደነበረው።

ፈታሹ እግሩን አነሳና በረጋ ድምፅ ነገራት። የነጂው ፍሬን ሲረገጥ ሞተሩ መግፋቱን ያቆማል። ሁለተኛው ፍሬን ግን በኋላ የተገጠመ ስለሆነ መረገጡ ለሞተሩ አይደርሰውም።

«ሁለቱ ሰዎች ፈትነውት የለ እንዴ?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

«እነሱ መንዳት ያውቃሉ። ፍሬን ሲያዝባቸው ሳያውቁት እግራቸውን ከነዳጁ ያነሳሉ። የደነገጠ ሰው ግን አያነሳም።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«አንቺ ነሽ ያሳወቅሽኝ» አላት። «እርስዎ» የቀረው ያን ጊዜ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው። ያሸነፈ ሰው ፊት ፈልጋ አጣች። ያገኘችው የደከመ፣ ትንሽ የፈራ የሰው ፊት ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ይኼን በአፍህ መናገር አቅቶህ ነው?»

«አፍ ሰጥተሽኝ ታውቂያለሽ?»

በሩን ከፍታ ወረደች። ሥራ አስኪያጁ ወደ ቢሮው ስትገባ የምሥራች አለኝ አላት፤ ፈታሹን ከሥራው አንስቶ በማግስቱ ሌላ ሰው ሊያስፈርምላት ወስኗል። ዓርብ ጠዋት መኪናውን ወስዳ፣ ከሰዓት ለፈቃድ ቢሮው አሳይታ፣ ሰኞ በራሷ ስም ማስተማር ትችላለች። የወንድሟ ፊት ታያት። ከዚያ ሕፃናቱ ታዩዋት።

«የክስ ደብዳቤዬን መልሱልኝ፤ መኪናውንም ወደ መጣበት መልሱት» አለች። ከፈታሹ ጽሑፍ በታችም ስሟን ጽፋ ፈረመች። ስትወጣ እሱን ቀና ብላ አላየችውም። ልክ በመሆኑ ከበፊቱ ይልቅ ጠልታዋለች።

ፈቃዱ ተቃጠለ፤ እሷም ወደ ወንድሟ ማሠልጠኛ ተመለሰች። ወንድሟ «አላልኩሽም?» አላለም፤ ፊቱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲል ይውላል።

ማክሰኞ ሲደርስ ስልኳ ጮኸ። «አልመጣም» አለ ፈታሹ። ያልመጣው በተመለሰው ፋንታ የታዘዘላት አዲስ መኪና ነው። ዘጋችበት። በሚቀጥለውም ማክሰኞ ደወለ፤ ዘጋችበት። በአምስተኛው «ሌላስ?» ብላ ጠየቀችው። ሌላ ነገር አልነበረውም፤ ግን ሳይዘጋ ቆየ፤ እሷም ቆየች። ከዚያ ወዲያ ሲጣሉ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት ይጣላሉ። ግትር ነህ ትለዋለች፤ ከማን ተምሬ ይላታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ተማሪዎቿን ቶሎ ማሰናበት ጀመረች። ወንድሟ ይህን ታዝቦ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለና ሳቀባት። ተቆጣችው። ቁጣዋ ውሸት እንደሆነ ግን ራሷም ታውቃለች፤ ሰውየውን ወዳዋለች፤ ያፈረችውም ለዚሁ ነው።

በአምስተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ስልኩ ሳይጮህ ረፈደ። ቀትር ሆነ፤ ዝም። መኪናው ሌላ ሰው ጋ ሄዷል ብላ አላሰበችም፤ ያሰበችው እሱ ሌላ ሰው ጋ ሄዷል ብላ ነው። ቦርሳዋን አንስታ በሯን ሳትቆልፍ ወጣች።

ጥበቃው እሷን ሲያዩ ራዲዮኑን አጠፉ። ግቢው ውስጥ አዲስ ሰማያዊ መኪና ወደ ጎማዎቹ ይነዳል፤ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ደግሞ ይነዳል። ነጂው እሱ ነው። በአስተማሪው በኩል የተቀመጠው መካኒክ ፊቱ ገርጥቷል።

«ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው» አሏት ጥበቃው። «ሆዳችንን አዞረው።»

መኪናውን አስቁማ መካኒኩን አስወረደችው። ለምን እንዳልደወለ ስትጠይቀው ሰሌዳውን አሳያት። አርባ ጊዜ ደንግጧል፤ አርባ ጊዜ ቆሟል።

«‹መጣ› ብዬ ብነግርሽ ትመጪያለሽ። መጥተሽ ደግሞ ‹አልፈረምኩም› ብልሽ...» አንገቱን ደፋ። «ሁለተኛ አልችልም። ያኔም ወንድ ሆኜ ነው እንጂ አልቻልኩም ነበር። ያን ቀን ከመኪናሽ ከወረድኩ ጀምሮ የሚያሳፍረኝ መውረዴ አይደለም፤ አንቺን ማስደንገጤ ነው።»

ብዙ የምትሰድበው ነገር አዘጋጅታ ነበር። ሰሌዳውን ወደ እሱ ገፋችው።

«ፈርም» አለችው።

ፈረመ። ቁልፉን ሲዘረጋላት አልተቀበለችውም። በአስተማሪው ወንበር ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

«ማክሰኞን እጠብቀው ነበር» አለችው፤ ወደ ፊት እያየች። «መኪናውን ብዬ አይደለም። አሁን ንዳ።»

«መንገድ ላይ? አንቺው አይደለሽ አልተፈጣጠራችሁም ያልሽው?»

«ተሳስቼ ነበር። ሁለተኛ አታስደግመኝ።»

«ብደነግጥስ?»

«ደንግጥ። እኔ እዚህ ነኝ።»

ጥበቃው በሩን በሰፊው ከፈቱና ለጥንቃቄ ከግንቡ ጀርባ ቆሙ። መኪናው ድምፅ ሳያሰማ ወጣ። ገና የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ በአመልካች መብራት ተጣሉ። በዚያ ቀን ሁለተኛውን ፍሬን ሰባት ጊዜ ረገጠች፤ ሰባቱንም ጊዜ መኪናው ቆመ።