የፈረደ አደራ

«ቦርሳሽን ክፈቺ» አላት ረጅሙ ፖሊስ በዕብራይስጥ።

ሊያት ዙሪያዋን ቃኘች። ዓርብ ረፋድ ነው፤ ቂርያት ዔቅሮን ያለው አውቶቡስ ማቆሚያ በሰው ተሞልቷል። ሻንጣ ያዘለ ወታደር አለ፣ ለሰንበት የገዛችውን በፌስታል ያንጠለጠለች ሴት አለች፣ ጊታር የተሸከመ ጎረምሳም አለ። ክፈቺ የተባለችው ግን እሷ ብቻ ናት። ምክንያቱን እስኪነግሯት አልጠበቀችም። ቤቷ መስታወት አለ፤ የቆዳዋን ቀለም ታውቃለች።

«ለምን እኔ?»

«እንዲሁ ፍተሻ ነው።»

«እሺ እነሱስ?»

«ያላ፣ ቶሎ ክፈቺ።»

ከፈተች። የሒሳብ መጽሐፍ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የተነከሰ ሳንድዊች። ፖሊሱ ሳንድዊቹን ሳይቀር አገላብጦ አየና «ቤሰደር፣ ደህና ነው» ብሎ ቦርሳውን መለሰላት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው እዚሁ እስራኤል፣ ረሆቮት ነው። ባለፈው ጸደይ ወጣቱ ሁሉ የፖሊስን በደል ለመቃወም ሰልፍ ሲወጣ እናቷ ልጅ ነሽ ብላ አስቀርታታለች። ዛሬ ግን የተሰማት ንዴት የልጅ አልነበረም።

ደሟን ይበልጥ ያፈላው ደግሞ የቀጠለው ነገር ነው። አያቷ አባ ጀምበሩ ኮታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ባለጎማ የገበያ ጋሪያቸውን አጠገባቸው አቁመው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አውቶቡሱ ሲመጣ ያው ፖሊስ እንደ አያት ቆጥሮ «ሳባ፣ ልርዳህ» ብሎ ጋሪውን አነሳላቸው። አፉ ድረስ የተሞላውን ጋሪ በሁለት ጣቱ! «እንደ ላባ ይቀላል እኮ» ብሎ ሳቀ። አባ ጀምበሩ ያለው ባይገባቸውም አብረውት ሳቁ፤ «እደግ ልጄ፣ ተባረክ» ብለው መረቁት።

ሊያት አውቶቡሱ ውስጥ ከጎናቸው ቁጭ አለች። «እኔን ፈተሹኝ፣ የእርስዎን ተሸከሙ!»

«ሽማግሌ ይከበራላ። ምን ያናድድሻል?»

«አባባ፣ ጋሪው ውስጥ ያለው ዱቄት አይደለም እንዴ?»

«የፈረደ አደራ ነው።»

«ምንድን ነው አደራው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ፈረደ ሰፈራቸው ውስጥ የጤፍ፣ የበርበሬና የስልክ ካርድ ሱቅ አለው። ከቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ፣ ለአባ ጀምበሩ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብላቸው፣ ለሐኪም ቀጠሮ የሚደውልላቸው እሱ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ቂርያት ዔቅሮን ይልካቸዋል። እዚያ ከአንድ መጋዘን አንድ ሰውዬ ጋሪውን ሞልቶ ይሰጣቸዋል፣ እሳቸው ለፈረደ ያደርሳሉ። ዛሬ ጉልበታቸውን ስላመማቸው የሊያት እናት «አብረሻቸው ሂጂ» ብላ ከእንቅልፏ ቀስቅሳታለች።

«አሥር ወር ሙሉ ሲያመላልሱ አንድ ቀን እንኳ አላዩትም?»

«የሰው አደራ ይከፈታል እንዴ?» አሉ፣ አጸያፊ ነገር የጠየቀቻቸው ይመስል። «እኛ አገር ሰው ሩቅ ሲሄድ ንብረቱን እኔ ዘንድ ነበር የሚያስቀምጠው። ጀምበሩ ቤት ከገባ አፈር አይነካውም ይሉ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ አደራ ያለኝ ፈረደ ብቻ ነው።»

የፖሊሱ ሁለት ጣት ግን ከሊያት ዓይን አልጠፋ አለ። እጇን ሰደደችና የጋሪውን ዚፕ ሳበች።

«እጅሽን አንሺ!» አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። አባ ጀምበሩ ጮኸው አያውቁም። «አንሺ አልኩሽ! አደራ በላ ልታሰኚኝ ነው?»

እሷ ግን አይታለች። የሚያብረቀርቁ ትናንሽ ከረጢቶች፣ አረንጓዴና ወርቃማ፣ እያንዳንዱ ላይ የሚስቅ ፊት ተስሏል። በየከረጢቱ ደረቅ ቅጠል አለ። ቅጠሉ ብቻውን ምንም አይደለም፤ አደጋው የሚረጩበት አደንዛዥ ኬሚካል ነው። ድሮ ኪዮስክ ውስጥ ከማስቲካ ጎን ይሸጥ ነበር፤ ከታገደ በኋላ ግን በድብቅ ሆነ። ትምህርት ቤት ውስጥ «ናይስ ጋይ» ይሉታል። ስሙን የማያውቅ ልጅ የለም።

በሚቀጥለው ማቆሚያ እጃቸውን ይዛ አወረደቻቸውና ጥላ ያለበት አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው። ተቆጥተው ፊታቸውን አዞሩ። አንዱን ከረጢት መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«ኢታይን የጣለው ይሄ ነው፣ አባባ።»

ኢታይ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው የማንተገብሽ ልጅ ነው። ከሊያት በሁለት ዓመት ይበልጣል። ኳስ ሲጫወት ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። ታኅሣሥ ላይ፣ በሐኑካ በዓል ሰሞን፣ ደረጃ ላይ ወድቆ አረፋ ደፍቆ ተገኘ። አሁን ቤት ነው ያለው፤ አንዳንድ ቀን የእናቱን ስም ይረሳል። አባ ጀምበሩ ሰንበት ከገባ በኋላ እየወረዱ ይጸልዩለታል።

«ይሄ ነው?» አሉ። ከረጢቱን አገላበጡት። የሚስቀውን ፊት በአውራ ጣታቸው ነኩት። «ይሄ ነው የልጁን አእምሮ የወሰደው?»

«ይሄው ነው።»

«እኔ ነኛ ያመጣሁለት!»

«እርስዎ አላወቁም!»

«እጄ አምጥቷል።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሊያት አያቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም፤ አሁንም ማየት አልፈለገችም። ዞራ የሚያልፉትን መኪኖች ማየት ጀመረች።

ከአግዳሚው ጀርባ ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ ነበር። «እንጣለው» አለች። «እዚሁ እንጣለውና ወደ ቤት እንሂድ። ለፈረደ ጉልበቴን አሞኛል፣ ከእንግዲህ አልችልም ይበሉት። ማንም አያውቅም። እናቴም አታውቅም።»

አባ ጀምበሩ ነጠላውን ከፊታቸው አወረዱ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ድምፃቸው ግን ደርቆ ወጣ። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። እኔን አታለለኝ፤ ይሁን፣ አርጅቻለሁ። አደራ ግን አይጣልም።»

«አባባ! ይሄ መርዝ ነው እኮ!»

«መርዝም ይሁን ማር፣ አደራ ለባለቤቱ ይመለሳል።» ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ። ነይ።»

ዓርብ እኩለ ቀን የፈረደ ሱቅ ገበያ ይመስላል። ሴቶቹ ሰንበት ሳይገባ ለመሸመት ይጋፋሉ፤ ከመካከላቸው ማንተገብሽም ነበረች። ፈረደ አባ ጀምበሩን ሲያይ ፈገግ አለ። «አባ ጀምበሩ፣ እንኳን ደህና መጡ! በጓሮ በኩል ያስገቡት።»

«በጓሮ አልገባም።»

ጋሪውን እየጎተቱ ባንኮኒው ድረስ ሄዱ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ዚፑን ከፍተው ጋሪውን ደፉት። ከረጢቶቹ ባንኮኒው ላይ፣ የበርበሬው ጆንያ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተንሸራተው ፈሰሱ።

«ይኸው አደራህ። ቆጥረህ ተረከብ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ተሸካሚ አይደለሁም።»

ፈረደ እየሳቀ ሴቶቹን አየ። «እርጅና ነው፣ አትፍረዱባቸው። ከየት እንዳመጡት እንኳ አያውቁም። ምስኪን!»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» አሉ አባ ጀምበሩ። «ንቀኸኛል። ጀምበሩ አርጅቷል፣ አይጠይቅም አልክ። ፖሊስ ልጆቻችንን ይፈትሻል፣ ሽማግሌ አይነካም አልክ። ውሸት ነው በለኝ!»

ፈረደ ሳቁን አቆመ። ወደ ሊያት ጎንበስ አለና ሽማግሌውና ሴቶቹ እንዳይገባቸው በፈጣን ዕብራይስጥ አንሾካሾከላት። እስከዚያ ቀን ጋሼ ነበር የምትለው። ሲጨርስ «ቤሰደር?» ብሎ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

ሊያት ትከሻዋን ከእጁ አወጣች፣ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«ያለኝን ልንገራችሁ» አለች በአማርኛ። «ጋሪው የአያትሽ ነው፣ የተሸከመው እጅም የእሱ ነው፣ እኔ ምንም አልነካሁም አለኝ። ፖሊስ ከተጠራ የሚታሰረው እሱ ነው፣ እስር ቤት ይሞታል፣ ስለዚህ ሰብስበሽ ውሰጂው አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።»

«ውሸታም!» አለ ፈረደ። አሁን በአማርኛ ነበር።

ማንተገብሽ ከወለሉ አንድ ከረጢት አነሳች። ልጇ አልጋ ሥር ካገኘችው ጋር አንድ ነው። ፈረደን አላየችም፤ አባ ጀምበሩን ነበር የምታየው። «አባ… እርስዎ?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ድንጋይ ተሸክሜ ደጅሽ እመጣለሁ።» ጎንበስ ሲሉ ከዘራቸው ወደቀ።

ማንተገብሽ አላነሳቻቸውም፣ አልረገመቻቸውም። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣችና በሩ ላይ ሄዳ ቆመች፣ ማንም እንዳይወጣ። የደወለችው ለፖሊስ ነበር።

አባ ጀምበሩንና ሊያትን ፖሊስ ጣቢያ የተቀበላቸው መርማሪ ወጣት ነው። ለአባ ጀምበሩ ውኃ ሰጣቸው፤ አማርኛ አስተርጓሚ ግን እስከ እሑድ እንደማይገኝ፣ ቤታቸው ሄደው እሑድ ቢመለሱ እንደሚሻል ነገራቸው። ሊያት ተረጎመችላቸው።

«እስከ እሑድ ይሄን ይዤ አልተኛም» አሉ። «እሷ አለች።»

የሊያት ስልክ ጮኸ። እናቷ ዋጋዬ ነበረች፤ ነገሩን ሰምታ ከሥራ ቦታዋ እየሮጠች እንደምትመጣ ከትንፋሿ ያስታውቃል። «ሊያት፣ ስሚኝ። አንድ ቀን ብቻ ነው የሄዱት በይ። ምንም አያውቁም በይ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው! እሳቸው ዕብራይስጥ አይሰሙ፣ ሰውዬው አማርኛ አይሰማ፤ ሁሉም ያለው ባንቺ አፍ ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች ሊያት። በደንብ ገብቷታል።

መርማሪው ጣቶቹን ኮምፒውተሩ ላይ አዘጋጀ። «በጋሪው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቅ ነበር? ጠርጥሮ ያውቃል?»

ተረጎመች። አባ ጀምበሩ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሊያት በልቧ፣ አላውቅም ይበሉ፣ አላውቅም ይበሉና እንሂድ፣ ትል ነበር።

«አላውቅም ነበር» አሉ። ሊያት ተነፈሰች። «ግን አንድ ቀን ጠርጥሬያለሁ። ከሐኑካ በፊት፣ ሱኮት፣ የዳስ በዓል ሰሞን ነው። የመጋዘኑ ሰውዬ ጋሪውን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም። ንጹሕ አደራ የሚሰጥ ሰው ዓይን ዓይንህን ያያል። ልመልስለት አስቤ ነበር። ከዚያ ደግሞ ፈረደ ከተቀየመኝ ማን ይፈልገኛል ብዬ ፈራሁ። ፈርቼ ተሸከምኩ። ያን ቀን ብከፍተው ኖሮ የማንተገብሽ ልጅ ዛሬም ኳስ ይጫወት ነበር። ይሄን ንገሪው።»

«ምን አለ?» አለ መርማሪው።

ሊያት አፏን ከፈተች። አላውቅም ብሏል። ይቺን ብትል ይበቃል። እንዲያውም ውሸት አይደለም፤ የመጀመሪያውን ቃል ብለዋላ! ፈረደ እስር ቤት ይሞታል ያላት ጆሮዋ ውስጥ ገና ይጮኻል።

አያቷ ከጎን ያዩዋታል። «ረዥም ነው የተናገርኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ቋንቋውን ባላውቅም ርዝመቱን አውቃለሁ። እንዳትቆርጪብኝ።»

«ሊያስሩዎት ይችላሉ፣ አባባ።»

«ይችላሉ። ያኔ ፈርቼ ዝም አልኩ፤ አሁን አንቺ ፈርተሽ ዝም ልታሰኚኝ ነው?»

ስልኳ ኪሷ ውስጥ እንደገና ተንቀጠቀጠ። እናቷ መሆኗን ሳታይም አውቃለች። አወጣችና አጠፋችው። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«እንግዲህ ጻፍ» አለችው መርማሪውን በዕብራይስጥ። «ረዥም ነው።»