ሁለተኛው ምት

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከሰው ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እኔም ስቄ አልፈው ነበር።

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም። ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ጊዜ ነው።

ቦታው የሰፈራችን ፌርማታ።

ፌርማታ የምለው ከልማድ ነው። የጣሪያውን ቆርቆሮ ነቅለው ወስደውታል። የቀረው አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የዛገ ምሰሶና እስከ ጉልበት የሚደርስ ሣር ነው።

በዚያ መስመር ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ሾፌሩን ተሳፋሪው «ጋሼ ዝምታ» ይላቸው ነበር፤ ከጧት እስከ ማታ ቃል አይወጣቸውም። መስታወት አያዩም፣ ዞር አይሉም። የሚሰሙት የእኔን እጅ ብቻ ነው። የአውቶቡሱን ጎን አንዴ ስመታ ይቆማሉ። ሁለቴ ስመታ ይሄዳሉ። ሁለቴ ካልተመታ፣ ተሳፋሪው ቢሰድባቸውም አይነቃነቁም።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በዚህ ይቀልድብኝ ነበር። መዳፌ ስለሚከብድ «መዶሻዬ» ነው የሚለኝ። ባል ያገባሁ ቀን የባሌን ልብስ እሱ እንደሚሰፋ፣ አጥንቱን ግን ሌላ ሰው እንዲጠግንለት አስቀድሞ ነግሮኛል።

መስመሩ በአንድ ቀን አልሞተም። መጀመሪያ የእሑዱ ቀረ። ከዚያ የቀትሩ። ከዚያ የማታው። በየጊዜው «ለጊዜው ነው» ተባልን። በመጨረሻ የጧቱም ቀረ።

አውቶቡሳችን ሞተሩ ወጥቶ፣ ጎማው ወልቆ የድርጅቱ ግቢ ውስጥ ተጣለ። በዐይኔ አይቼዋለሁ። ጋሼ ዝምታ ክረምቱን ሳይጨርሱ አረፉ። ልብስ ሰፊው ድንገት ልቡን ያመመው ቀን በቃሬዛ ተሸክመነው ወደ ዋናው መንገድ ስንሮጥ፣ እዚያው ፌርማታው ፊት ለፊት እስትንፋሱ ተቋረጠ።

የእናቴ ኩላሊት ሥራ አቁሟል። ደሟ በማሽን ካልታጠበ ብዙ አትቆይም፤ ማሽኑ ደግሞ ያለው ከተማ ነው። ኮንትራት ታክሲ ነበር የምንይዘው። የዚያን ሰኞ ባለታክሲው ደውሎ መኪናው መንገድ ላይ እንደተበላሸ፣ ከነገ ጧት በፊት እንደማይደርስልን ነገረኝ።

ምናልባት የጭነት መኪና ቢያልፍ ብዬ እናቴን ደግፌ ወደ ፌርማታው ወጣሁ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከዘራዋን ጭኗ ላይ አጋደመች።

«መጣ» አለች።

ምንም አልሰማሁም።

ቀና ስል... አውቶቡሱ ፊታችን ቆሟል።

የእኛው ነው። ዘወትር የምመታው ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ የመዳፌን ቅርጽ ይዟል።

የሞተሩ ድምፅ የተሰማው ከቆመ በኋላ ነው።

ከኋላው አቧራ አልተነሣም። በተከፈተው በር በኩል ወለሉ ይታየኛል፤ ሣር በቅሎበታል። የእናቴና የእኔ ጥላ መንገዱ ላይ ወድቋል...

የእሱ የለም።

እናቴ ተነሣች። እኔን ሳትደገፍ፣ ከዘራዋን አንጠልጥላ ደረጃውን ወጣች። መስኮት ዳር ተቀምጣ ወደ እኔ ሳቀች።

«ጉልበቴን አላመመኝም እኮ» አለች። «ነይ፣ ግቢ።»

ከኋላዋ የተቀመጠው ሰው አንገቱን በመስኮት ብቅ አደረገ። እንደ ድሮው መርፌውን በከንፈሩ ይዟል።

«መዶሻዬ» አለኝ በሹክሹክታ። «ምቺልን እንጂ።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«በቃሬዛ ካመጣችሁኝ ቀን ጀምሮ ተቀምጠናል። ካልመታሽ አይሄዱም።»

ወደ ፊት አየሁ። ጋሼ ዝምታ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ይጠብቃሉ።

እጄ ተነሥቷል። እኔ አላነሣሁትም... ልማዱ ነው። ከብረቱ ስንዝር ሲቀረው መለስኩት።

ዘልዬ ገባሁ። እናቴን በብብቷ ይዤ ጎተትኳት። አልጮኸችም።

«ቀጠሮዬ ያልፈኛል፣ ልጄ» ብላ ለመነችኝ።

መሬት ስትረግጥ ጉልበቷ ከዳት። ከዘራዋ ተወዛውዞ የአውቶቡሱን ጎን መታ።

አንዴ።

ተመልሶ ሲወነጨፍ አየር ላይ ያዝኩት።

ተሸክሜያት ወደ ቤት ሮጥኩ። ሞተሩ ከኋላዬ ይሠራል። አልተከተለንም። አልሄደምም።

በማግስቱ ታክሲው መጣ። እናቴ እጥበቷን አገኘች፤ ሐኪሙ ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ አንደርስላትም ነበር አለኝ። በፌርማታው ስናልፍ ከሣሩ በቀር ምንም አላየሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ ተመለሰ።

ቤት ስንገባ ግን አልጋዋ አጠገብ የተቀመጠው ውሃ በብርጭቆው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። የመስኮቱም መስታወት። ደጃፍ ላይ ከባድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ የቆመ ያህል...

ወጥቼ አየሁ። ደጃፉ ባዶ ነው።

ሳምንታት አለፉ። ውሃው አላረፈም።

ዛሬ፣ ይህን ልጽፍላችሁ ከመቀመጤ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እናቴ በእንቅልፏ እጇን አነሣች። ግድግዳውን መታች።

አንዴ።

ተንበርክኬ ሁለት እጇን ጨበጥኩ። አንዲት ጣት እንኳ እንዳታመልጠኝ አጥብቄ ያዝኳት።

ጠበቅሁ...

ሁለተኛው ምት ከግድግዳው ማዶ መጣ።

የብርጭቆው ውሃ ቀጥ አለ።

እናቴ ዐይኗን ሳትገልጥ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች... ለሌላ ተሳፋሪ ቦታ እንደሚለቅ ሰው።

በለቀቀችው ቦታ ላይ አንሶላው፣ ሰው እንደተቀመጠበት፣ ቀስ ብሎ ጎደጎደ።