ከርብራብ የወረደው ጆንያ

የኮምፒውተር ጠጋኙ የሰውመሆን ጭንቅላት ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ተሰንጥቋል። የወደቀው ወረታ፣ ከሩዝ አምራቾች ማኅበር ግቢ፣ የአባላቱ የማሳ መዝገብ ከሚጠበቅበት የኮምፒውተር ክፍል ነው። ከደጅ ታላቅ ወንድሙ አድማሴ ገበያው የተባለውን የግቢውን ዘበኛ ጥርስ በሰደፍ አርግፎ አፈሙዙን ደረቱ ላይ ደቅኗል። አባታቸው አምና ይፋግ መንገድ ላይ ተገድሎ ምንሽር ጠመንጃው ተወስዷል፤ ገዳዩ አልተገኘም። አሁን ደግሞ ወንድሙ።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሜን እመልሳለሁ» አላት መርማሪዋን ዋና ሳጅን ትርሲትን።

«እስክትጠልቅ ታገሠኝ። ንጹሕ ሰው ከገደልህ እሱም ወንድሞች አሉት።»

ትርሲት ሬሳው ላይ ጎንበስ አለች። ያን ያህል የተፈለጠ ሰው ከሥሩ ጠብታ ደም የለም። ቁስሉ ውስጥ የሩዝ ገለባ ተለጥፏል።

መዝገብ ያዧ ሉሊት እያለቀሰች ነገረቻት። መዝገቡ ሰርቨር ከሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር በየቀኑ በገመድ ይገለበጣል። ቅጂው የሚቀመጥበት ሣጥን ጎርፍ ተፈርቶ መጋዘኑ ውስጥ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ድሮ በአርባ ደቂቃ ያልቅ የነበረው ከሰኞ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ይንፏቀቃል። ሰውመሆን የመጣው ይህን ሊያበጅ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ደውሎ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፣ ገመዱን ልከተል ብሏታል።

«ሰኞ ምን ተደረገ?»

«ምንም። ዓለምነህ ብቻ ጆንያ ሲያዛውር ዋለ።»

መጋዘን ጠባቂው ዓለምነህ ሰባት ሰዓት ላይ ገበያውና ሟቹ ሲደባደቡ፣ ከዚያም ጩኸት ሰማሁ አለ። ገበያው ደም እየተፋ፣ ጠቡ የጠዋት ነው፣ በጭቃ ጫማ አትግባ ብዬው ነው አለ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ የሰፈር ሰው ቀብር ላይ ቃሬዛ ተሸክሞ ነበር፤ አገር አይቶታል። የሰውመሆንን ሬሳ ያገኘው በአሥር ሰዓት ሲመለስ ነው።

ትርሲት ሰርቨሩን በሉሊት አስከፍታ አየች። ከዚያ መጋዘኑን ዞረች። ስትጨርስ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበች።

«ሰርቨሩ የሚሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይጽፋል» አለች። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተንፏቀቀ፤ ከዘጠኝ ከሩብ በኋላ ሮጠ። በጆንያ የተጨፈለቀው ገመድ ተቆርጦ አዲስ ጫፍ ገብቶለታል። ያን ከሰውመሆን በቀር እዚህ የሚችል የለም። እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር፤ ያውም መጋዘን ውስጥ። ከሥሩ ደም የለም፣ ቁስሉ ውስጥ ገለባ አለ፤ እዚሁ ተገድሎ ነው ኮምፒውተር ክፍል የተጣለው። ዓለምነህ፣ አንተ በሰባት ሰዓት የማንን ጩኸት ሰማህ?»

ዓለምነህ ወደ በሩ ጠጋ አለ።

«ያን ጊዜ ገበያውን ጨምሮ ሰዉ ሁሉ ቀብር ሄዷል። የመጋዘኑ ቁልፍ ያንተ ብቻ ነው። ፎገራ ተወልዶ በክረምት ጆንያ መሬት ላይ የሚጥል ሰው አላየሁም። ሌላው ሁሉ የእንጨት ርብራብ ላይ ነው፤ ገመዱን ተጭኖት የነበረው ክምር ብቻ ባዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። አንሡት።»

አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ጆንያውን አንሥተው አዲስ የተቆፈረውን አፈር ዛቁ። ሰደፉ ላይ ጠገራ ብር የተመታበት ምንሽር ወጣ።

አድማሴ የአባቱን ጠመንጃ አወቀ።

«ወንድምህም ገመዱን ሊያበጅ ጆንያውን ሲያነሣ አግኝቶት፣ አውቆት ነው የሞተው» አለች ትርሲት።

ዓለምነህ ወደ በሩ ተወረወረ። አድማሴ አነጣጠረ። ትርሲት አፈሙዙን በክንዷ ወደ ላይ መታችው፤ ጥይቱ ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ። ፖሊሶቹ ዓለምነህን ጭቃ ውስጥ ጥለው አሰሩት።

አድማሴ የራሱን ጠመንጃ ለትርሲት ሰጠ። ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ሊለምን ገበያው ፊት ተንበረከከ።

ገበያው ያበጠ ከንፈሩን በጋቢው ጠረገ።

«ጥርሴ አይመለስም» አለ። «አንተ ግን ሰው ሳትገድል መሸልህ። ድንጋዩን አውርድ፤ ሬሳውን አብረን እናንሣ።»